ቀይ ምልክት ያለባቸው ሳህኖች

ጥቅምት 3

ለተከበሩ እትዬ፣

ይህች ወረቀት በደህና ታግኝዎት። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? እኔ ከብርዱና ከሥራው ብዛት በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

የእጅ ጽሑፌን ሲያዩ «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልላክሁም። ጆሮዎ ስለደከመ ስልክ እንደማያነሡ አባቴ ነግሮኛል፤ ይህ ግን ለመጻፍ እንጂ ላለመጻፍ ምክንያት አይሆንም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁንም የጻፍኩት ጉዳይ ገጥሞኝ መሆኑን አልደብቅዎትም።

ኮሌጅ ሳለሁ፣ እርስዎ ቤት እየኖርኩ የሠራሁት የመመረቂያ ሙከራ ትዝ ይልዎታል? እርስዎ ላቦራቶሪው ውስጥ ብርጭቆ ሲያጥቡ እኔ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ የሽንኩርት ዘር አበቅል ነበር። ሃያ ክብ የብርጭቆ ሳህን፣ በእያንዳንዱ ሃያ ፍሬ። አሥሩን ሳህን በተራ ውሃ፣ አሥሩን ደግሞ ከግቢው ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ቅጠል በጨመቅሁት ውሃ አራስሁ። በሰባተኛው ቀን የቅጠል ውሃ ያገኙት በቅለው፣ ተራ ውሃ ያገኙት ገና ተኝተው ነበር። እዚህ ባሕር ማዶ ወዳለው የምርምር ተቋም ያስገባኝ ያ ውጤት ነው። መጽሔት ላይም ወጥቷል።

አሁን አጠገቤ የሚሠራ ባልደረባዬ ያንኑ ሙከራ ሦስት ጊዜ ደገመው። ሦስቱንም ጊዜ በሁለቱ መካከል ልዩነት ጠፋ። እኔም ሞከርኩ፤ ጠፋ። አለቃችን ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ማንም የማያውቅሽ ሰው አንብቦ ሊደግመው እንዲችል አድርገሽ አሠራሩን እንደገና ጻፊው። ካልተደገመ ግን ጽሑፉን ከመጽሔቱ እናነሣለን» አሉኝ።

ውሃውን፣ ዘሩን፣ ወረቀቱን ሁሉ ፈተሽኩ። የቀረኝ ብርጭቆው ነው። ምናልባት እርስዎ ብርጭቆ ሲያጥቡ የሚያደርጉት፣ እኔ ግን ልብ ያላልኩት ነገር ይኖራል። እባክዎ ብርጭቆዎቹን እንዴት እንዳጠቡ አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። ብርጭቆው ላይ ነው ተስፋዬ ሁሉ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 1

ለዝምተኛዋ ልጄ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ፀሐይስ በለመደችው በኩል ነው የወጣችው፤ እኔ ፖስተኛው ቤት የተሳሳተ መስሎኝ «የኔ አይደለም» ብዬ ልመልሰው ነበር።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጉልበቴ ጠየቅሽ፣ ስለ ጆሮዬ ጠየቅሽ፣ ከዚያ ብርጭቆ፣ ብርጭቆ፣ ብርጭቆ። ብርጭቆውን ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠበውን እጅ ግን አልጠየቅሽም። ተሰነጣጥቋል። በሰኔ ጡረታ ወጣሁ። በእኔ ቦታ ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበረች ሴትዮ ገብታለች፤ ጨዋ ናት፣ ግን በሳምንት ሦስት ብርጭቆ ትጨርሳለች።

እንዴት አጠቡ ትይኛለሽ። እንደሚታጠበው ነዋ! በሳሙና አሸሁ፣ አለቀለቅሁ፣ ማድረቂያው ውስጥ ከተትሁ። በጣት ሲያሹት ጢው ካለ ነጽቷል። ከዚህ በላይ ምን አለው?

አባትሽ ያኔ ከተደረገለት ቀዶ ሕክምና ወዲህ እስከ ዛሬ እንደ ጎረምሳ ነው የሚራመደው፤ ለእሱም ጻፊለት።

አክስትሽ

ኅዳር 24

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ። ስለ እጅዎ ባለመጠየቄ አፍሬያለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለተሰነጠቀ ቆዳ የሚሆን ቅባት ልኬያለሁ፤ ከታጠቡ በኋላ እጅዎ ሳይደርቅ ነው የሚቀባው። «አያችሁልኝ፣ አሁንም መመሪያ መስጠት ጀመረች» ይበሉኝ።

ግን እትዬ፣ «እንደሚታጠበው» የሚለው ቃል ነው ያስቸገረኝ። እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ። ለባልደረባዬ «ወረቀቱን አርጥብ» ብዬ ጻፍኩለት። ዘሩ እስኪዋኝ ድረስ አፈሰሰበት። «ምን ነካህ?» ስለው «አርጥብ አልሽ፤ ይኸው ረጥቧል» አለኝ። «በመጠኑ አርጥብ» ብዬ አረምኩት። «መጠኑ ስንት ነው?» አለኝ። ተናደድኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው እኔም ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ እጄ ነው የሚያውቀው። አለቃዬ ይህን ሲሰሙ «አንቺን ከክፍሉ አስወጥተን ሥራው ሳይቋረጥ ከቀጠለ፣ ያኔ ተጽፏል ማለት ነው» አሉኝ።

የእርስዎም እጅ የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ። ሳሙናው ምን ያህል ነው? የሚለቀልቀው ስንት ጊዜ ነው? በየትኛው ውሃ? ማድረቂያው ውስጥ ምን ያህል ይቆያል? ጢው የማይሰማ ሰውስ በምን ይወቅ? ደግሞም አባቴ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ጊዜ አራት ቀን ሆስፒታል ስሰነብት ሳህኖቹን እርስዎ ነበሩ የሚያጠጡልኝ። ያንንም ይጨምሩልኝ።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 21

ለልጄ፣

የልብሽን ይሙላልሽ። ቅባቱ ደረሰኝ። ጥሩ ነው፤ የበር እጀታ ግን አላዞር ብሎኛል፣ ያንሸራትተኛል።

ደብዳቤሽ መጀመሪያ አበሸቀኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ልትፈትነኝ ነው እንዴ አልኩ። ከዚያ እልህ ያዘኝና አንድ ገጽ ጽፌ ኮሌጅ ሄድኩ። ለሰፊዋ ሰጠኋት። «በዚህ እጠቢ፤ እኔ የለሁም ብለሽ አስቢ» አልኳትና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ሳሙና ጨምሪ» ብዬ ነበር፤ እሷ እፍኝ ሙሉ ጨመረች። «አለቅልቂ» ብዬ ነበር፤ አንዴ ነክራ አወጣች። አፌን በእጄ ያዝኩ። መጨረሻ ላይ ዞር ብላ «እትዬ፣ ይሄ ጢው የሚለው ማን ነው?» አትለኝም! ሳቄ ገነፈለ፤ እሷም ሳቀች፤ አንድ ብርጭቆም ሄደ።

አራት ጊዜ ጻፍኩት። አሁን እንዲህ ይላል። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ይነሣ፣ ጠረጴዛው ይጠረግ። በአንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሳሙና። በብሩሽ ውስጡን አሥር ጊዜ፣ ውጪውን አምስት ጊዜ ማዞር። በቧንቧ ውሃ አምስት ጊዜ፣ በተጣራው ውሃ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ። ጢው ቀርቷል። በእሱ ፋንታ «ብርጭቆውን ዘቅዝቂው፤ ውሃው እንደ መጋረጃ ወጥ ሆኖ ከወረደ ነጽቷል፣ ጠብታ ሆኖ ከተንጠለጠለ ግን ቅባት አለበትና ከመጀመሪያው ጀምሪ» ይላል። ማድረቂያው ውስጥ አንድ ሰዓት። ሰፊዋ በአምስተኛው ቀን አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ፣ አንድ ሳትሰብር ጨረሰች። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ እዚያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የመጀመሪያ ነገሬ ነው።

አራቱን ቀን እንዳልሽኝ አጠጣኋቸው።

ሰላም ሁኚልኝ።

አክስትሽ

ጥር 12

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባልደረባዬ በእርስዎ ወረቀት አጥቦ «በሕይወቴ ካነበብኩት መመሪያ ሁሉ ይሄ ይበልጣል» ብሎዎታል። ውጤቱ ግን ያው ነው። ብርጭቆው ነጻ ወጥቷል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወረቀትዎ «መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ይነሣ» ብሎ ነው የሚጀምረው። የእኔ ሳህኖች በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። በእነዚያ አራት ቀናት ሲነሡ የት ተቀመጡ?

ልጅዎ

መጋቢት 2

ለልጄ፣

ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ይህ ሦስተኛው ነው፤ ከነስሕተቱ እልከዋለሁ።

ክፍሉ ትዝ ይልሻል፤ የመስኮቱ አንድ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተሸፍኖ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። አንቺ በሄድሽ ዕለት ጠረጴዛውን ልጠርግ ሳህኖቹን አነሣሁ። አሥሩ፣ የቅጠሉን ውሃ የሚጠጡት፣ ክዳናቸው ላይ በቀይ እርሳስ ምልክት ነበረባቸው። ጠዋት ጠዋት እነዚያ ላይ ጎንበስ ብለሽ «እባካችሁ፣ እባካችሁ» ስትዪ አይሻለሁ። ምልክት የሌላቸውን አንድ ቀን እንኳ እባካችሁ ብለሽ አታውቂም።

ምልክት የሌላቸውን መስኮቱ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ደረደርኳቸው። ቀዮቹን ማድረቂያው አናት ላይ፣ ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀመጥኳቸው። አራቱንም ቀን እዚያው ነበሩ። ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቷል፣ አንቺ እዚያ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለሻል፤ ቢያንስ ይሄ ይሳካላት አልኩ። ቀዮቹ የአንቺ ናቸው ብዬ ነው። ሁሉም የአንቺ መሆናቸውን አላወቅኩም።

ልትመለሺ ስትይ ሁሉንም ወደ ጠረጴዛው መለስኩ። ገብተሽ አየሽ፣ አንገቴን አቅፈሽ አለቀስሽ። ከቅጠሉ ነው አልሽ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ አንቺ ነሽ የተማርሽው። ግን አልዋሽሽም፤ ትንሽ ጠርጥሬ ነበር። ወደዚያ አገር የምትሄጂ ቀን ሻንጣሽን ስናስር አፌ ላይ መጣ። «አሁን ምን ያደርግላታል» ብዬ ዋጥኩት። ያኔ የዋጥኩት ይኸው ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይፈጭ ቆየ።

ብትቆጪ መብትሽ ነው።

አክስትሽ

ሚያዝያ 19

ለእትዬ፣

በደህና ከርመው ይሆን? ቶሎ ያልመለስኩት ተቆጥቼ ስለነበር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በልቤ ከእርስዎ ጋር ስከራከር ሰነበትኩ። አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር።

ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፌን አውጥቼ አነበብኩት። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ «ሳህኖቹ ሰባቱንም ቀን በአንድ ቦታ ቆዩ» ይላል። ማነው የጻፈው? እኔ። አራቱን ቀን የት ነበርኩ? ሆስፒታል። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ እርስዎንም አንድ ቀን «የት ነበሩ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ደስ ያለኝን ነገር መጠየቅ አልፈለግኩም መሰለኝ።

ደብዳቤዎን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ተረጎምኩላቸው። «ቀዮቹ የአንቺ ናቸው ብዬ ነው» ያሉበት ላይ ስደርስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ምን ማድረግ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ አይደል?» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኩ። «እንግዲያው እኔ አልነግርሽም» አሉ።

ሠራሁት። ሁለቱንም ዓይነት ሳህን ከፍዬ፣ እኩሌታውን በሃያ አምስት ዲግሪ፣ እኩሌታውን በአሥራ ሁለት ዲግሪ አቆየሁ። የሞቃቸው፣ ቅጠል አገኙ ውሃ አገኙ፣ በቀሉ። የበረዳቸው፣ ቅጠል አገኙ ውሃ አገኙ፣ ዘገዩ። ቅጠሉ ምንም አላደረገም፣ እትዬ። ምንም።

ጽሑፉ ከመጽሔቱ ይነሣል። ለሚመጣው ዓመት በቅጠሉ ላይ ተፈቅዶልኝ የነበረው ሥራም ቀርቷል። የማረሚያውን ማስታወቂያ ስጽፍ እንዲህ አልኩ፦ «በሙከራው ወቅት ሳህኖቹ ሙቀታቸው ወደ ተለያየ ቦታዎች ተዛውረው እንደነበር ታውቋል።» የእርስዎ ነገር አልተነሣም፤ አይስጉ።

ልጅዎ

ግንቦት 10

ለልጄ፣

እግዜር ከቁጣሽ በላይ ትዕግሥትሽን ያብዛልሽ። ደብዳቤሽ ሲዘገይ እኔም እዚህ ከአንቺ ጋር ስከራከር ነበር፤ እኔ ግን ጮክ ብዬ ስለሆነ ጎረቤት ሰምቷል።

«ተዛውረው እንደነበር» አልሽ? እግር አላቸው እንዴ? ልጄ፣ በእኛ ቤት ብርጭቆ ሰባሪ ኖሮት አያውቅም። ሁልጊዜ «ተሰበረ» ነው። አባትሽ ልጅ ሆኖ የእናታችንን ትልቁን ድስት ወርውሮ «ድስቱ ተጎዳ» ያለ ሰው ነው። ሰፊዋም አንድ ቀን ስድስት ብርጭቆ ጥላ «እትዬ፣ ወደቁ እኮ» ብላኛለች። አንቺ ለባልደረባሽ ውሃውን በጠብታ ቆጥረሽ ስትጽፊ ከርመሽ፣ ማን ምን እንዳደረገ ሲሆን ጊዜ ትሸፋፍኚዋለሽ? እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ሳህኖቹን ያነሣችው ብርጭቆ አጣቢዋ አክስቴ ናት። እኔ አልነበርኩም፤ እንደነበርኩ አድርጌ ጻፍኩ።» እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ከሥራ አያባርሩኝ።

ሥራሽ መቅረቱን ሳነብ ግን ወንበር ፈልጌ ነው የተቀመጥኩት። ያን የዋጥኩትን ያኔ ተናግሬው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር ትሠሪ ነበር። ይህን አንቺ «አይዞዎት» ብትዪኝም አይለቀኝም። ስለዚህ አትበዪኝ።

አንድ ነገር ብቻ ላኪልኝ። ቴርሞሜትር። ተራውን፣ የብርጭቆውን። ያን ሙከራ አንዴ አበላሽቼዋለሁ፤ አንዴ ደግሞ በደንብ ልሥራው። እንዴት እንደሚሠራ ጻፊልኝ። እንደማታውቂኝ አድርገሽ ጻፊ።

አክስትሽ

ሰኔ 8

ለተከበሩ እትዬ፣

እጅዎን በአክብሮት እስማለሁ። ማስታወቂያው እርስዎ ባሉት ቃል ወጣ። ባልደረቦቼ አነበቡት፤ አንዳንዱ ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ዓይኑን ሰበረ፣ አንዷ ግን መጥታ «እኔም ያላየሁትን የጻፍኩበት ገጽ አለኝ» አለችኝ። ከመስከረም ጀምሮ ወደ ሌላ ክፍል እዛወራለሁ፤ ይቅርታ፣ አለቃዬ ያዛውሩኛል። ሥራዬ ሌሎች የሚጽፉትን አሠራር እያነበብኩ እንደተጻፈው ሠርቶ መፈተሽ ነው። ከፍ ያለ ቦታ አይደለም። ጠዋት ስነሣ ግን አይጨንቀኝም።

አለቃዬ እርስዎ ሊሠሩት እንደሆነ ስነግራቸው «ከወረቀቱ በቀር ምንም ሳትነግሪያት ከሠራችው፣ ቁጥሯን ከቁጥርሽ ጎን አወጣዋለሁ» አሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው በላይ አንድም ቃል አልጨምርም። ቴርሞሜትሩ በጥጥ ተጠቅልሏል።

አንድ። በእርስዎ ወረቀት የታጠቡ ስምንት ክብ ሳህኖች ከኮሌጁ ይዋሱ። አራቱን «ሀ»፣ አራቱን «ለ» ብለው ክዳናቸው ላይ ይጻፉ።

ሁለት። ሁለቱን ጠርሙስ ውሃ ሌላ ሰው ያዘጋጅ፤ በአንዱ ተራ ውሃ፣ በሌላው አብሬ በላክሁት ወረቀት መሠረት የተጨመቀ የቅጠል ውሃ። ያ ሰው ጠርሙሶቹን በጨርቅ ሸፍኖ «ሀ» እና «ለ» ይበላቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ቆጥረው እስኪጨርሱ ለእርስዎ አይንገር።

ሦስት። በየሳህኑ አንድ ክብ ማጣሪያ ወረቀት፣ ሃያ የሽንኩርት ፍሬ፣ ከየፊደሉ ጠርሙስ በሲሪንጅ ሦስት ሚሊ ሊትር ውሃ።

አራት። ስምንቱም በአንድ ትሪ ላይ ይሁኑ። ትሪው ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ይቀመጥ፤ በየቀኑ ጠዋት ግማሽ ዙር ይዙር። ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አንብበው ይጻፉ።

አምስት። በየሁለት ቀኑ ለእያንዳንዱ ከየፊደሉ ጠርሙስ አንድ ሚሊ ሊትር ይጨመር።

ስድስት። በአሥረኛው ቀን ይቁጠሩ። ሥሩ ከፍሬው ወጥቶ ሁለት ሚሊ ሜትር ከሞላ በቅሏል፤ ካልሞላ አልበቀለም።

ልጅዎ

ሐምሌ 17

ለልጄ፣

ጤናሽን ያብዛልኝ። ቴርሞሜትሩ ሳይሰበር ደረሰ፤ ማለቴ፣ ፖስተኛው አልሰበረውም።

ጠርሙሱን ሰፊዋ ሞላችው። ምስጢር መያዝ ሊገድላት ደርሷል፤ ሳህኖቹን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች፣ ከፊቷ ላይ እንዳላውቅ። ትሪውን ጓዳ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን ከ«ለ»ዎቹ አንዷ ከሌሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ቀርታ አየኋት። አንጀቴን በላችኝ። ምድጃው ሦስት እርምጃ ነው። ቆሜ አየኋት፣ ትሪውን ግማሽ ዙር አዞርኩ፣ ክፍሉን ዘግቼ ወጣሁ። ማንም ሳያየኝ ዝም ብሎ መተው እንዲህ የሚከብድ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። አንቺ በየቀኑ የምትሠሪው ይሄን ከሆነ ደመወዝሽ ይገባሻል።

የሙቀቱ ቁጥር በሌላው ወረቀት ላይ ነው፤ ጠዋት አሥራ ስምንት፣ ማታ ሃያ አካባቢ ነው። አንድ ቀን ማታ ረስቼዋለሁ። ባዶ ተውኩት፤ ከጎኑ «ረሳሁ» ብዬ ጽፌያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቆጠርኩ። መነጽሬን አድርጌ፣ ማስመሪያ ይዤ። «ሀ»፦ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስድስት። «ለ»፦ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ሰባት፣ አራተኛዋ ላይ ቆሜያለሁ። አሥራ ስድስት በቅለዋል። አንድ ሌላ ፍሬ አለ፤ ሥሩ ወጥቷል፣ በማስመሪያም ሁለት ሚሊ ሜትር ይሞላል፣ ግን ሻግቷል። ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? ስድስተኛውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሻገተ አልጻፍሽም።

ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ የትኛው ጠርሙስ የትኛው እንደሆነ ልትነግረኝ ትቁነጠነጣለች። «ቆጥረው የለ?» ትለኛለች። አልጨረስኩም፣ አፍሽን ያዢ ብያታለሁ። ይሄ ካልተጻፈ አልሰማትም። ቶሎ ጻፊልኝ።

አክስትሽ